ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለ ጎረምሳ ምን ይብላ? ከቤት ድስት የሚጀምር መመሪያ

«ልጄ ኮሌስትሮል አለበት ተባልኩ፣ ምን ላብላው?» ደሴ ላይ በነርስነት ስለምሠራ ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እሰማዋለሁ። ከኮምቦልቻም ደውለው የሚጠይቁኝ አሉ። የ14 እና የ15 ዓመት ልጅ፣ ያውም ቀጭን ልጅ፣ እንዴት ኮሌስትሮል ይኖርበታል ብሎ ወላጅ ይደነግጣል። ከድንጋጤው ብዛት ሥጋውንም እንቁላሉንም ወተቱንም በአንድ ቀን ይከለክላል። ልጁ ሳምንት ሳይሞላው ያኮርፋል፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ወደ ነበረበት ይመለሳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ በተናጠል የምነግረውን እዚህ በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ።

አንድ ነገር ከመነሻው ያዙልኝ። ለልጁ ብቻ የተለየ ሳህን አታቅርቡ፤ የቤቱን ድስት ቀይሩ። ለብቻው የሚቀርብለት ልጅ እቤት ቀመስ ቀመስ አድርጎ ሳምቡሳውን ውጭ ይበላል። ደግሞም ከፍ ያለ ኮሌስትሮል በዘር ስለሚሄድ፣ እዚያው ቤት ውስጥ ሳያውቀው ያለበት ሌላ ሰው ሊኖር ይችላል።

መጀመሪያ ወረቀቱን አንብቡ

ላቦራቶሪው ሊፒድ ፕሮፋይል ብሎ የሚሰጣችሁ ወረቀት ላይ አራት ዋና ዋና ቁጥሮች አሉ። በጎን የሚታተመው «ኖርማል» ብዙውን ጊዜ የአዋቂ ነው። ለልጅ መለኪያው ጠበቅ ይላል። በሚሊግራም በዴሲሊትር ሲለካ እንዲህ ነው፦

- ጠቅላላ ኮሌስትሮል፦ ከ170 በታች ጥሩ ነው። ከ170 እስከ 199 ድንበር ላይ ነው። 200 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ነው።
- ኤልዲኤል፣ ማለትም የደም ሥር ግድግዳ ላይ የሚጠራቀመው፦ ከ110 በታች ጥሩ፣ ከ110 እስከ 129 ድንበር ላይ፣ 130 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ።
- ኤችዲኤል፣ ትርፉን ወደ ጉበት የሚመልሰው፦ ከ45 በላይ ጥሩ፣ ከ40 በታች ዝቅተኛ።
- ትራይግሊሰራይድ፣ ማለትም ሌላው በደም ውስጥ የሚገኝ የስብ ዓይነት፣ ከ10 እስከ 19 ዓመት ላለ ልጅ፦ ከ90 በታች ጥሩ፣ 130 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ።

ወረቀታችሁ ላይ 4 ወይም 5 የመሰለ ትንሽ ቁጥር ካያችሁ መለኪያው ሚሊሞል ነው። ኮሌስትሮሉን በ38.7 አባዙትና ከላይ ካሉት ጋር አስተያዩት።

በአንድ ምርመራ ብቻ አትወስኑ። ከ2 ሳምንት እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይደገምና የሁለቱ አማካይ ይወሰዳል። ልጁ ትኩሳት ወይም ኢንፌክሽን ላይ ከነበረ እስኪያገግም ጠብቁ፣ ሕመም ቁጥሩን ያዛባዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ኤልዲኤሉ 190 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ከ160 አልፎ በቤተሰብ ውስጥ ወንድ ከ55 ዓመት በፊት፣ ሴት ከ65 ዓመት በፊት በልብ ሕመም የተያዙበት ታሪክ ካለ፣ ይህን መመሪያ ይዛችሁ እቤት አትቀመጡ። ከተረከዝ በላይ ባለው ጅማት ወይም በእጅ ጣቶች መጋጠሚያ ላይ ጠንከር ያለ እብጠት ካያችሁም እንደዚሁ። በዘር የሚመጣ ዓይነት አለ፣ ከ250 ሰው አንዱ ላይ ገደማ ይገኛል፣ እሱን ምግብ ብቻውን አይመልሰውም። ሐኪሙ የታይሮይድ፣ የኩላሊትና የስኳር ምርመራም ሊያዝ ይችላል። ከእነዚህ የአንዱ ችግር ኮሌስትሮልን ስለሚያስነሳ መጀመሪያ የሚታከመው እሱ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ

- የሾርባ ማንኪያና የሻይ ማንኪያ፣ ለመለኪያ ብቻ የሚቀመጡ
- የማይረጋ የምግብ ዘይት፦ የሱፍ፣ የአኩሪ አተር ወይም የታመነ የኑግ ዘይት
- የገብስ በሶ፣ የገብስ ቅንጬ ወይም አጃ
- ምስር፣ አተር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ሽሮ
- ተልባ
- ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ እርድ
- ጎመን፣ ካሮት፣ ፎሶሊያና የወቅቱ ፍራፍሬ
- ደብተርና እስክሪብቶ

ከውጭ የሚመጣ ውድ ነገር የለበትም። አብዛኛውን ሰኞ ገበያ ወይም ሰፈራችሁ ካለው ሱቅ ታገኙታላችሁ።

1. ሦስት ቀን የሚበላውን ጻፉ

ሁለቱ የትምህርት ቀን፣ አንዱ ቅዳሜ ወይም እሑድ ይሁን። ልጁ ራሱ ይጻፈው። በእረፍት ሰዓት የገዛውን፣ ጓደኛው ጋር የቀመሰውን፣ ለስላሳውን፣ ሁሉንም። ጸሐፊው እሱ ከሆነ ውጭ የሚበላውን አይደብቅም። ቁጣ ከተጨመረበት ግን ደብተሩ ላይ ሽሮና እንጀራ ብቻ ነው የምታገኙት። ይህን ሳታደርጉ ከጀመራችሁ፣ ችግሩ ሳምቡሳው ሆኖ ሳለ እንቁላሉን ስትከለክሉ ትከርማላችሁ።

2. ዘይቱን ቀይሩ

ከሁሉም እርምጃ ይህንና ቀጣዩን በደንብ ያዙ፣ ለውጡ የሚመጣው በብዛት ከእነሱ ነውና።

በደም ውስጥ ያለውን ኤልዲኤል ይበልጥ ከፍ የሚያደርገው ምግቡ ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ሳይሆን የሚረጋው ቅባት ነው፣ ሐኪሞች ሳቹሬትድ የሚሉት። ጉበት ኤልዲኤልን ከደም ውስጥ የሚያነሳበትን አቅም ያዳክማል። ቁጥሩ ከፍ ያለበት ልጅ በቀን ከሚያገኘው ኃይል ከ7 በመቶ በታች ብቻ ከዚህ ቅባት እንዲመጣ ይመከራል። በቀን 2,200 ካሎሪ ለሚበላ ጎረምሳ ይህ 17 ግራም ገደማ ነው። አሁን አስሉት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ፓልም ዘይት ወደ 7 ግራም የሚረጋ ቅባት አለው። ያው አንድ ማንኪያ የሱፍ ዘይት ግን 1 ግራም ተኩል ያህል ብቻ ነው ያለው።

ፓልም መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ? ደሴ ላይ ብርዱ ይነግራችኋል። በጥቅምትና በኅዳር ትንሽ ዘይት በብርጭቆ አድርጋችሁ ማታ መስኮት ላይ አሳድሩት። ጠዋት ነጭና ወፍራም ሆኖ ከረጋ ፓልም ነው ወይም ፓልም ተቀላቅሎበታል። ካልረጋ ግን ሙሉ በሙሉ አትመኑት፣ ተጣርቶ በቀላሉ እንዳይረጋ የተደረገ ፓልም አለ። ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነ ይህ መንገድ እዚያ እምብዛም አይሠራም፣ ጀሪካኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። «ፓልም» ወይም «ፓልም ኦሊን» የሚል ካያችሁ አትግዙት። የዘይቱ ዓይነት ሳይጠቀስ «የአትክልት ዘይት» ብቻ ከተባለም ጠርጥሩት። ኑግ በጣም ጥሩ ነው፣ ግን ሲጨመቅ ካያችሁት ወይም ከምታምኑት ሰው ይሁን። ይቀላቅሉበታል።

የሱፍ ዘይት ውድ ነው፣ አውቃለሁ። መፍትሔው መጠኑን መቀነስ ነው። ለአንድ ሰው በቀን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። አምስት ሰው ያለበት ቤት 5 ሊትር ጀሪካን ለአንድ ወር ከበቃው ልክ ላይ ነው። ጀሪካኑ ላይ የተከፈተበትን ቀን ጻፉ። በ15 ቀን ካለቀ ዘይቱ የት እንደሚሄድ ፈልጉ።

የተጠበሰበትን ዘይት አጠራቅማችሁ ደጋግማችሁ አትጥበሱበት። ደጋግሞ የጋለ ዘይት ይበላሻል፣ ለደም ሥርም አይበጅም።

3. ቅቤውን ለበዓል አስቀምጡ፣ ሽታውን ግን አትከልክሉ

አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ 8 ግራም ያህል የሚረጋ ቅባት አለው። ሁለት ማንኪያ ማለት የልጁ የቀን ድርሻ አለቀ ማለት ነው፣ ገና ሥጋና ወተት ሳይቆጠር። ጠዋት ቅንጬ በቅቤ፣ ምሳ ሽሮ በቅቤ የሚበላ ልጅ ሳይታወቀው ከዚያ ያልፋል።

ልጆች ቅቤ ሲቀር «ወጡ አይጥምም» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ የቅመሙ ሽታ ቀርቶባቸው ነው። ስለዚህ ዘይቱን እንደ ቅቤ አንጥሩት። ግማሽ ሊትር የሱፍ ዘይት በለስላሳ እሳት ላይ አድርጉ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ኮሰረት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ በሶብላና ቆንጠር እርድ ጨምሩ። እንዳይጨስ፣ እንዳይንጫጫ፣ እየተከታተላችሁ 15 ደቂቃ ያህል ይቆይ። አውርዱና ሲቀዘቅዝ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልሉት። ደረቅ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አድርጉና ከላይ ባልኳችሁ የቀን ልክ ውስጥ እየቆጠራችሁ ተጠቀሙበት። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል እዚህ ውስጥ አትጨምሩ። ርጥበት ስላላቸው ዘይት ውስጥ ሲቀመጡ አደገኛ ጀርም ሊራባበት ይችላል። እነሱን ወጡ ሲሠራ ጨምሯቸው።

ማስጠንቀቂያ፦ በቆርቆሮ ወይም በፕላስቲክ የሚሸጠው «የአትክልት ቅቤ» ምትክ አይደለም። አብዛኛው ፓልም ወይም እንዲረጋ የተደረገ ዘይት ነው። ጾም ይሁን ፍስክ፣ ለዚህ ልጅ አይሆንም። ደረቅ ማርጋሪንም እንደዚያው።

4. ሽንኩርቱን በደረቁ አቁላሉ

እናቶቻችን የሚያውቁት ነው፣ ግን ቸኩለን ዘይቱን መጀመሪያ መገልበጥ ለምደናል። ሽንኩርቱን ደቀቅ አድርጋችሁ ክተፉ። ድስቱን አግሉትና ያለ ምንም ዘይት ሽንኩርቱን ብቻ አድርጉ። አማስሉት። ድስቱን ሊይዝ ሲል ፍል ውሃ ጠብ አድርጉበት፣ እንደገና አማስሉ። ውሃውን ጨርሶ ሲጠወልግና ቀለሙ ሲለወጥ፣ ያን ጊዜ ዘይቱን በማንኪያ ለክታችሁ ጨምሩ፣ ቀጥሎ በርበሬውን። ለአምስት ሰው ወጥ አራት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ዘይት መጀመሪያ ሲገባ ጥሬው ሽንኩርት እየጠጣው «አነሰ፣ ጨምሪ» ያሰኛል፣ በደረቅ ሲቁላላ ግን ትንሹ ይበቃዋል።

ሌላው ዘዴ፣ የሥጋ ወይም የዶሮ ወጥ ከሆነ አሳድሩት። ደሴ ላይ ያለ ፍሪጅም ቅባቱ ሲነጋ ከላይ ረግቶ ይገኛል። ሳታሞቁት በፊት በማንኪያ ጠርጋችሁ አውጡት። የሚነሳው መጠን ራሳችሁን ያስደነግጣችኋል። በኮምቦልቻ ሙቀት ግን ወጥ ውጭ አይደር፣ ፍሪጅ ውስጥ ይሁን።

5. ጠዋቱን ለገብስ ስጡት

እስካሁን ስለሚቀነስ ነበር፣ አሁን ስለሚጨመር። ገብስና አጃ ቤታ ግሉካን የሚባል አሰር (ፋይበር) አላቸው። አንጀት ውስጥ እንደ ሙጫ ይሆንና በኮሌስትሮል የተሠራውን ሐሞት ይዞ ከሰውነት ያወጣዋል። ጉበት አዲስ ሐሞት ለመሥራት ኮሌስትሮል ከደም ይስባል። በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን ኤልዲኤልን እንደሚቀንስ የታወቀ ነው። እሱ የሚገኘው ከ70 ግራም ገደማ የገብስ ወይም የአጃ ዱቄት ነው፣ እንደ ገብሱ ዓይነት ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል። በማንኪያ ስንለካው ስምንት የሾርባ ማንኪያ በሶ ያህል ይሆናል።

ስለዚህ ጠዋት አራት ማንኪያ በሶ በውሃ ተበጥብጦ ወይም ተጨብጦ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደግሞ አራት። ቅቤ አይግባበት። ስኳርም ማርም አታብዙበት። ሚጥሚጣና ትንሽ ጨው የሚወድ ልጅ በዚያ ይብላ። በሶ የሰለቸው ቀን የገብስ ቅንጬ በአንድ የሻይ ማንኪያ የነጠረ ዘይት፣ ወይም የአጃ ሾርባ። በረመዳን ለማፍጠሪያ የምትሠሩት ሾርባ አጃ ያለበት ከሆነ ዓመቱን ሙሉ ሥሩት። እንጀራውንም ገብስ ብትቀላቅሉበት ጥሩ ነው።

ተልባም እዚሁ ይገባል። ለጋ ለጋ አድርጋችሁ ቁሉት፣ ፍጩት፣ በቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ይጠጣ። ከሁለት ማንኪያ አይብለጥ። ሳይፈጭ ከተበላ እንዳለ ይወጣል፣ ጥቅም የለውም። የተፈጨው ቶሎ ስለሚበላሽ የሳምንት ብቻ ፍጩ። ልጁ የሚወስደው መድኃኒት ካለ ከተልባው ጋር ሁለት ሰዓት ያህል አራርቁት። አሰሩ መድኃኒቱን እንዳይገባ ሊይዘው ይችላል።

አሰር በአንዴ ሲበዛ ሆድ ይነፋል። በመጀመሪያው ሳምንት በግማሹ ጀምሩ፣ ውሃ ይጠጣ።

6. በቀን ሁለት ጊዜ ጥራጥሬ

ለልጅ በቀን የሚመከረው አሰር ቢያንስ የዕድሜው ቁጥር ላይ 5 ግራም ተደምሮ ነው። ለ15 ዓመት ልጅ 20 ግራም ማለት ነው። አንድ ሙሉ ብርጭቆ የተቀቀለ ምስር ብቻውን 15 ግራም አለው። ምስር፣ ክክ፣ ሽሮ፣ የባቄላ ፉል፣ የሽምብራ ንፍሮ እያፈራረቃችሁ ምሳና እራት ላይ ይኑሩ። ሥጋ በተበላበት ቀን እንኳ አንድ ጭልፋ ምስር ከጎኑ ይቀመጥ። ጎመንና ካሮት ደግሞ እንጀራው ላይ ለማሳመሪያ ሳይሆን ለመጥገብ ይቅረቡ። ቦዘና ሽሮ ግን በዚህ ሂሳብ ውስጥ አይገባም፣ ቅቤውና ሥጋው ሌላ ያደርገዋል።

7. ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት፦ አትከልክሉ፣ ምረጡ

በማደግ ላይ ያለ ልጅ ነው። ፕሮቲን፣ ብረትና ካልሲየም ያስፈልገዋል፣ በተለይ የወር አበባ የጀመረች ልጅ ብረቱ እንዳይጎድልባት።

ሥጋ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ቀይ ብቻ። ጮማውና የበጉ ላት ይውጣ። ዱለት፣ ጉበትና ኩላሊት ኮሌስትሮላቸው ብዙ ስለሆነ ለጊዜው ይቅሩ። ዶሮን እኛ ቆዳውን ገፈን ስለምንሠራ ዶሮው ጥፋት የለበትም፣ ቅቤውን ነው የምትቀንሱት። የሐይቅ አሳ ካገኛችሁ ደግሞ በወጥ ወይም በምጣድ ይሁን። ዘይት ውስጥ ተነክሮ ከተጠበሰ ጥቅሙ ይጠፋል።

የእንቁላል ነጩ እንደልብ ነው። አስኳሉ በሳምንት ሦስት ይሁን። አንዱ አስኳል ከ180 ሚሊግራም በላይ ኮሌስትሮል አለው፣ ለእንደዚህ ያለ ልጅ የቀኑ ልክ ደግሞ ከ200 በታች ነው።

ወተቱን አፍሉት፣ አሳድሩት፣ ጠዋት ስልባቦቱን አንሱት። ከሁሉ የሚሻለው አሬራ ነው። ቅቤው ተንጦ ስለወጣለት ካልሲየሙና ፕሮቲኑ ይቀራል፣ ቅባቱ ግን ትንሽ ነው። ከአሬራ የተሠራ አይብም እንደዚሁ፣ ቅቤ ካልተለወሰበት።

8. ውጭ የሚበላውን ተስማሙበት

ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖ፣ ችብስ፣ ኢንዶሚ፣ ክሬም ያለው ኬክ። አብዛኛዎቹ በሚረጋ ዘይት ነው የሚሠሩት። ሁሉንም ክልክል ካላችሁት አይቀበልም፣ ዕድሜው ነው። በሳምንት አንድ ቀን እሱ የመረጠውን ይብላ፣ የቀሩትን ቀናት ቦርሳው ውስጥ ቆሎ ከለውዝ ጋር፣ ሙዝ ወይም ብርቱካን ይያዝ። ቆሎው ገብስ መሆኑ ሌላ ትርፍ ነው። «አንተ በሽተኛ ነህ» የሚለው ቃል በታናናሾቹ ፊት አይነገር። ሴት ልጅን ደግሞ ስለ ኪሎዋ አታንሱባት። ቀጭን ልጅ ኪሎ እንዲቀንስ አይደለም የምንፈልገው።

ትራይግሊሰራይዱ ከፍ ያለበት ልጅ ከሆነ ትልቁ ጠላት ስኳር ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 30 ግራም አካባቢ ስኳር አለው፣ ጉበት ትርፉን ወደ ስብ ይለውጠዋል። ለስላሳው ይቁም፣ የሻዩ ስኳር ወደ አንድ የሻይ ማንኪያ ይውረድ፣ ነጭ ዳቦ፣ ፓስታና ሩዝ ይቀነሱ። የታሸገ ጁስም ከለስላሳ አይሻልም።

ቡና የምታጠጡት ከሆነም ከአንድ ስኒ አይብለጥ። ሳይጣራ በሚፈላ ቡና ውስጥ ኤልዲኤልን ከፍ የሚያደርግ ቅባት አለ።

9. በቀን 60 ደቂቃ ይንቀሳቀስ

በአንድ ጊዜ መሆን የለበትም። ደሴ ዳገት ስለሆነች ግማሹ መንገድ ላይ ይሞላል፣ ባጃጁን ተዉትና ከትምህርት ቤት በእግሩ ይምጣ። ኮምቦልቻ ሜዳ ናት፣ ኳስ ወይም ብስክሌት። እንቅስቃሴ ኤችዲኤልን ከፍ ያደርጋል፣ ትራይግሊሰራይድን ያወርዳል። ከምግቡ ጋር እንጂ በምግቡ ምትክ አይሠራም።

ጾምና በዓል ሲመጣ

የጾም ምግባችን በራሱ ኮሌስትሮል የሚቀንስ ነው፣ ዘይቱ እስካልበዛ ድረስ። በዐቢይ ጾም ቁጥሩ ሳይወርድ የሚቀር ልጅ ብዙውን ጊዜ ሳምቡሳና የተጠበሰ ድንች ላይ የከረመ ነው። በረመዳን ሳምቡሳውን ዘይት ቀባ አድርጋችሁ በምጣድ ወይም በኦቨን ጋግሩት፣ ውስጡ ምስር ይሁን። ለፋሲካ፣ ለገና፣ ለኢድና ለአረፋ ልጁ ከቤተሰቡ ጋር ይብላ፣ የአንድ ቀን ምግብ ቁጥሩን አይወስነውም። የሚወስነው የበዓሉ ወጥ ሳምንቱን ሙሉ እየሞቀ መብላቱ ነው። ስለዚህ አነስ አድርጋችሁ ሥሩ ወይም ለጎረቤት አካፍሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

- «ኮሌስትሮል የለውም» የሚል ጽሑፍ አይቶ ዘይት መግዛት። የትኛውም የተክል ዘይት እዚህ ግባ የሚባል ኮሌስትሮል የለውም፣ ፓልምም ጭምር። እናንተ የምትፈልጉት የሚረጋ ቅባት እንዳይኖረው ነው።
- በባዶ ሆድ ሎሚ በሙቅ ውሃ ወይም ነጭ ሽንኩርት እየሰጡ ምግቡን እንደነበረ መተው። ሎሚ የደም ቅባት አያቀልጥም።
- የአባቱን የኮሌስትሮል ኪኒን ለልጁ ማካፈል። ይህን በፍጹም አታድርጉ። የልጅ መጠን ሐኪም ነው የሚወስነው፣ ለሴት ልጅ ደግሞ ከእርግዝና ጋር የተያያዘ ጥንቃቄ አለው።
- ቅባት በሙሉ ማቋረጥ። የልጅ አካልና አእምሮ ቅባት ይፈልጋል። ከቀኑ ኃይል ከ25 እስከ 30 በመቶ ከቅባት መምጣት አለበት፣ ዓይነቱ ነው የሚቀየረው። አቮካዶ፣ ለውዝና ሰሊጥ ይብላ።
- ቁርስ ማስዘለል። ጠዋት ሳይበላ የወጣ ልጅ በእረፍት ሰዓት ቦምቦሊኖ ይገዛል።

10. ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ አስመርምሩ

ከዚያ በፊት አትቸኩሉ፣ ለውጡ ገና ስላልተረጋጋ ቁጥሩ ያሳስታችኋል። በተቻለ መጠን እዚያው የመጀመሪያው ላቦራቶሪ ይሁን። ከበዓል ማግስት አታድርጉት። ከምርመራው በፊት ከ9 እስከ 12 ሰዓት ምንም አይብላ፣ ውሃ ብቻ ይጠጣ። ማታ በ2 ሰዓት እራት በልቶ ጠዋት በ2 ሰዓት ደም ቢሰጥ ይበቃዋል። የአሮጌውንም የአዲሱንም ምርመራ ወረቀት፣ ካላችሁም የመጀመሪያ ሦስት ቀኑን ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ ምን እንደተቀየረ በዓይኑ ያያል።

ምግብ ብቻውን ኤልዲኤልን ብዙውን ጊዜ 10 በመቶ አካባቢ ያወርዳል፣ መነሻው መጥፎ የነበረ ልጅ ላይ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። 145 የነበረው 130 ከገባ መንገዱ እየሠራ ነው፣ ቀጥሉበት። ከስድስት ወር በኋላም 160 ላይ ወይም ከዚያ በላይ ከቆመ ግን ልጁን «ተደብቀህ በልተሃል» ብላችሁ አትክሰሱት። ጉበቱ በተፈጥሮው አብዝቶ የሚያመርት ወይም ከደም ማንሳት የሚያቅተው ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ወደ ሕፃናት ሐኪም ወይም የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ይላክ። ወንድምና እህቶቹን፣ እናንተንም ጨምሮ፣ በዚያው ሰሞን አስመርምሩ።